ፖድካስታችሁን ከዎርድፕረስ ፕለጊን ወደ ፖድካስት ሆስት ስታዛውሩ፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

በዎርድፕረስ (በዌብሳይት መሥሪያው ሶፍትዌር) የተሠራ ዌብሳይት ያለው ሰው ፖድካስት ሲጀምር ቀላሉ መንገድ ፕለጊን፣ ማለትም ዌብሳይቱ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ መጫን ነው። ፓወርፕረስ ወይም ሲሪየስሊ ሲምፕል ፖድካስቲንግ ይጫናል። የድምፅ ፋይሉ እንደ ማንኛውም ፎቶ ዌብሳይቱ ላይ ይሰቀላል። ፕለጊኑ ፊድ ያወጣል፤ ፊድ የክፍሎቹን ዝርዝርና የድምፅ ፋይሎቹን አድራሻ የያዘ፣ አፖች የሚያነቡት ፋይል ነው። ፊዱ ለአፕልና ለስፖቲፋይ ይሰጣል፣ በቃ። አድማጭ ጥቂት እስከሆነ ድረስ ይሄ በደንብ ያስኬዳል።

ነገሩ የሚከብደው አድማጭ ሲበዛ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተዘጋጀ የ30 ደቂቃ ክፍል ወደ 29 ሜጋባይት ይሆናል። 500 ሰው ቢያወርደው ከ14 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ያውም ለአንድ ክፍል ብቻ። ሰዎቹ ደግሞ ተራ ጠብቀው አይመጡም። ብዙዎቹ አፖች አዲስ ክፍል እንዳዩ ራሳቸው ስለሚያወርዱ ጭነቱ የሚበረታው ክፍሉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ርካሽ የጋራ ሰርቨር ላይ ያለ ዌብሳይት ያኔ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ሆስት፣ ማለትም የድምፅ ፋይሎችን አስቀምጦ ለአድማጭ የሚያደርስ አገልግሎት፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ድምፁን መቅዳት የዚህ ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው የፊዱ አድራሻ ነው። የአድማጩ አፕ እናንተን የሚያውቃችሁ በዚያ አድራሻ ነው። አድራሻው በድንገት ከጠፋ አፑ የት እንደሄዳችሁ አያውቅም፤ አድማጩም ፖድካስቱ የቆመ ይመስለዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፦ መጀመሪያ ቅዱ፣ ቀጥሎ አረጋግጡ፣ ከዚያ አድራሻውን አስተላልፉ። መሰረዝ ከሁሉም በኋላ ነው።

ወዴት ልሂድ?

ቀላሉ ዝውውር ፊዱን ሳይነኩ ፋይሎቹን ብቻ ማዛወር ነው። ፓወርፕረስ የብሉብሪ ፕለጊን ነው፤ ሲሪየስሊ ሲምፕል ፖድካስቲንግ ደግሞ የካስቶስ ነው። ከእነዚህ አንዱን የምትጠቀሙ ከሆነ የዚያው ድርጅት ሆስቲንግ ብትገቡ ፕለጊኑም ፊዱም ባሉበት ይቀጥላሉ፤ የድምፅ ፋይሎቹ ብቻ ወደ እነሱ ሰርቨር ይሄዳሉ። ዌብሳይታችሁን ለምትወዱና ክፍሎቹን ከዚያው ማውጣት ለምትፈልጉ እኔ የምመክረው ይሄን ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ሥራም ይቀርላችኋል።

ፊዱንም ጭምር ከዌብሳይቱ ለማውጣት የወሰናችሁ ግን እንደ ባዝስፕራውት፣ ትራንዚስተር፣ ካፕቲቬትና ሊብሲን ያሉ አማራጮች አሏችሁ። በነፃ የሚሠራ ከፈለጋችሁ ስፖቲፋይ ፎር ክሪዬተርስ አለ፤ በፊት አንከር ይባል የነበረው ነው። የባዝስፕራውት ነፃ አማራጭ ግን ክፍሎቹን የሚያቆየው ለ90 ቀን ብቻ ስለሆነ ለመሞከር እንጂ የቆየ ሥራ ለማስቀመጥ አይሆንም።

ሆስቱን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ከፊድ ኢምፖርት ሲያደርግ (ክፍሎቹን ከድሮው ፊድ ቀድቶ ሲያስገባ) አፖች እያንዳንዱን ክፍል የሚያውቁበትን መለያ እንዳለ ይይዛል ወይ? ሁለተኛ፣ ነገ ልሂድ ብል ፊዱን ወደ ሌላ ቦታ ያስተላልፍልኛል ወይ? ሁለተኛውን በግልጽ “አዎ” የማይል ሆስት ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትግቡበት። በር ከፍቶ የሚያስገባ ሲወጡም መክፈት አለበት።

የክፍያው ጉዳይ አገር ቤት ላለነው ቀላል አይደለም። አብዛኞቹ የሚያስከፍሉት በዶላርና በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ መክፈል ይቻላል፤ አካውንቱ ግን በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈት። ካርዱ ቀኑ ሲያልፍበት ማስጠንቀቂያው የሚመጣው አካውንቱ ወደተከፈተበት ኢሜይል ነው። መልእክቱን የሚያየው ሌላ ሰው ከሆነ እናንተ የምትሰሙት ፖድካስቱ ከጠፋ በኋላ ይሆናል።

ከመነሳታችሁ በፊት

ትክክለኛውን የፊድ አድራሻ እወቁ። ዎርድፕረስ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ፊድ ያወጣል። የጽሑፎቹ ሁሉ ፊድ አለ፣ የየምድቡ ፊድ አለ፣ ፕለጊኑ የሚያወጣው የፖድካስት ፊድ አለ። ከዓመታት በፊት ለአፕል የሰጣችሁት የትኛውን እንደሆነ በግምት አትለፉት። አፕል ፖድካስትስ ኮኔክት (ፖድካስታችሁን ያስመዘገባችሁበት የአፕል ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ የፖድካስታችሁን ዝርዝር ስታዩ አድራሻው ተጽፎ ይገኛል። ቅዱትና አስቀምጡት። ስፖቲፋይ ላይም እንዲሁ አድርጉ፤ ሁለቱ ላይ የተለያየ አድራሻ ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል ማየቱ አይከፋም።

ቀጥሎ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ። የድምፅ ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ኮምፒውተራችሁ ወይም ወደ ውጫዊ ዲስክ አውርዱ። ጽሑፎቹንም ከዎርድፕረሱ “ቱልስ” ውስጥ “ኤክስፖርት” በሚለው አውጡ። የዳውንሎድ ቁጥሮቻችሁንም አሁኑኑ አስቀምጡ። የቆየው ስታትስቲክስ ወደ አዲሱ ሆስት አይሄድም፤ እዚያ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ነገ ስፖንሰር ስታነጋግሩ የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ የድሮው ቁጥር ነው።

ፊዱ ውስጥ የተጻፈው ኢሜይል የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። አዲሱ ሆስት ፖድካስቱ የእናንተ መሆኑን የሚያጣራው በአብዛኛው ወደዚያ ኢሜይል ኮድ በመላክ ነው። ኢሜይሉ የድሮ ባልደረባችሁ ከሆነ ወይም የይለፍ ቃሉ ከጠፋ መጀመሪያ ፕለጊኑ ላይ ቀይሩት። ፕለጊኑ ላይ ፊዱን የሚቆልፍ ምርጫ በርቶ ከሆነም አጥፉት። ሌላ ሆስት ፖድካስታችሁን እንዳይወስድ የሚከላከል ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለእናንተም ያንኑ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

አስር ክፍል ብቻ ያለው ፊድ

ዎርድፕረስ ሲጫን ፊድ ላይ የሚያወጣው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው። 80 ክፍል ሠርታችሁ ቢሆን እንኳ ካልቀየራችሁት ፊዱ ላይ ያሉት 10 ናቸው። አዲሱ ሆስት የሚያነበው ፊዱን ብቻ ስለሆነ የሚወስደው 10 ይሆናል። ከዚያ አድራሻው ሲተላለፍ 70 ክፍል ከአፕልም ከስፖቲፋይም ይጠፋል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ዎርድፕረሱ ውስጥ “ሴቲንግስ” ከዚያ “ሪዲንግ” ግቡ። “ሲንዲኬሽን ፊድስ” የሚል መስመር ጎን 10 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከክፍሎቻችሁ ቁጥር ከፍ አድርጉት፤ ለ80 ክፍል 100 በሉት። ፕለጊኑም የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ፓወርፕረስ አለው። እሱንም አስተካክሉ። ከዚያ የካሽ ፕለጊን (የገጾችን ቅጂ አስቀምጦ ቅጂውን የሚያሳይ) ካላችሁ ካሹን አጽዱ፤ አለዚያ የሚታየው የድሮው ፊድ ነው።

አሁን ፊዱን በብራውዘር ክፈቱና የገጹን ሶርስ (ከገጹ ጀርባ ያለውን ኮድ) አምጡ። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ “ኢንክሎዠር” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ይህ የድምፅ ፋይሉን አድራሻ የያዘው መስመር ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አለ። ብራውዘሩ ስንት እንዳገኘ ይነግራችኋል። ቁጥሩ ከክፍሎቻችሁ ቁጥር ጋር እስኪገጥም ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትለፉ።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች

የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ይህን እምብዛም አያነሱትም፤ እኛን ግን በቀጥታ ይመለከታል። የድምፅ ፋይሉን በአማርኛ ስም ከሰቀላችሁት፣ ኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክትና በኮድ ይተካል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ 3 ምልክት ይወስዳል። አንዲት “ቡ” ብቻዋን 9 ምልክት ሆነች ማለት ነው። 20 ፊደል ያለው የፋይል ስም 180 ምልክት ይሆናል። የጽሑፎቹ ሊንክም ያው ነው፤ ዎርድፕረስ እሱን 200 ምልክት ላይ ስለሚቆርጠው በአማርኛ ከ22 ፊደል ገደማ በላይ አይሄድም።

አንዳንድ ኢምፖርተር እንዲህ ያለውን አድራሻ በትክክል ያነባል፤ አንዳንዱ ግን ፋይሉን አላገኘሁም ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ይሆናል ብላችሁ ፈርታችሁ ድሮው ሰርቨር ላይ ያሉትን ፋይሎች እንደገና ለመሰየም አትነሱ። ፊዱ የሚጠቁመው የድሮውን ስም ስለሆነ ስሙ በተቀየረ ቅጽበት አድማጭ ላይ ክፍሉ አይከፈትም። ባሉበት ተዉዋቸው። ኢምፖርቱ ሲያልቅ እነሱን ቀድማችሁ ፈትሹ። የጎደለ ካለ ከባክአፑ ፋይሉን አንሱ፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር አጭር ስም ስጡት፣ አዲሱ ሆስት ላይ በዚያው ክፍል ውስጥ ድምፁን ብቻ ተኩ። አዲስ ክፍል አትክፈቱ፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

ኢምፖርት ማድረግና መፈተሽ

ኢምፖርቱ ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። አዲሱ ሆስት ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ “ነባር ፖድካስት አለኝ” የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ የፊዱን አድራሻ ታስገባላችሁ፣ በኢሜይል የመጣውን ኮድ ትሞላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ሆስቱ ፊዱን መክፈት አልቻልኩም ካለ ብዙ ጊዜ ከልካዩ የደኅንነት ፕለጊን ወይም ክላውድፍሌር (ከዌብሳይቱ ፊት ቆሞ ጎብኚን የሚያጣራ አገልግሎት) ነው። ለጊዜው ፈቀቅ አድርጉትና እንደገና ሞክሩ፤ ሲያልቅ መልሱት። እስከዚያ ድረስ አዲስ ክፍል አታውጡ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ሆስቶች ወዲያው “ፖድካስትዎን ለአፕል ያስገቡ” የሚል ቁልፍ ያሳያሉ። አትንኩት። ያ ለአዲስ ፖድካስት ነው። ከነካችሁት አፕል ላይ ሁለተኛ ፖድካስት ይከፈታል፤ ተከታዮቻችሁና የሰጧችሁ አስተያየት በድሮው ላይ ይቀራሉ።

ፍተሻ ላይ አትቸኩሉ። የክፍሎቹን ቁጥር ቁጠሩ። የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውንና ከመሃል ጥቂቶቹን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው መጫወታቸውን እዩ። ቀኖቹ የድሮዎቹ መሆናቸውን ተመልከቱ። በመግለጫው ውስጥ ያሉት የአማርኛ ፊደላት ወደ ጥያቄ ምልክት ወይም ወደ አራት ማዕዘን ሳጥን አለመቀየራቸውን አንብቡ። የሽፋን ምስሉ ለአፕል ቢያንስ 1400 በ1400፣ ቢበዛ 3000 በ3000 ፒክስል መሆን አለበት። ቋንቋው ላይ አማርኛ ምረጡ፤ ብዙ የዎርድፕረስ ፊድ ሳይነካ የቆየ ስለሆነ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ብሎ ይመጣል። አማርኛ ፖድካስት በእንግሊዝኛ ምድብ ተመዝግቦ መቀመጡ ያሳዝናል፤ በአማርኛ የሚፈልጋችሁ ሰው እንዲያገኛችሁ ይሄን አስተካክሉ።

ከሁሉም የሚበልጠው የክፍሎቹ መለያ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ፊዱ ውስጥ ጂዩአይዲ የሚባል መለያ አለው። አፖች ይህን ክፍል አይቼዋለሁ ወይስ አዲስ ነው የሚሉት በሱ ነው። መለያው ከተቀየረ የአድማጩ ስልክ 80ውንም ክፍል እንደ አዲስ ሊያየውና ሊያወርደው ይችላል። ዳታ በጥቅል ገዝቶ ለሚያዳምጥ ሰው ይሄ ትልቅ በደል ነው። ስለዚህ የድሮውንና የአዲሱን ፊድ በሁለት መስኮት ክፈቱና የአንድን ክፍል መለያ አነጻጽሩ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥሩ። ካልሆኑ እዚያው ቁሙና ለሆስቱ ድጋፍ ሰጪዎች ጻፉ፤ መለያውን እስኪያስተካክሉት ድረስ አድራሻውን አታስተላልፉ።

ስለ ዳታ ካነሳን ዘንድ፣ ንግግር ብቻ ለሆነ ፖድካስት በ64 ኪሎቢት ሞኖ የተዘጋጀ ድምፅ በቂ ነው። የ30 ደቂቃው ክፍል ከ29 ወደ 14 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል። የቆዩትን ሁሉ ቀይሩ አልልም፤ ከሚቀጥለው ክፍል ግን ብትጀምሩ አድማጫችሁ ያመሰግናችኋል።

አድራሻውን ማስተላለፍ

ሁሉም ነገር መስተካከሉን ካያችሁ በኋላ የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ታደርጋላችሁ። ይህ ሪዳይሬክት ይባላል፤ የሚያስፈልጋችሁ ዓይነት 301 ነው። 301 “ቋሚ አድራሻዬ እዚያ ነው” ይላል፤ 302 ደግሞ “ለጊዜው እዚያ ነኝ” ይላል። 302 ካደረጋችሁ አፖች የድሮውን አድራሻ እንደያዙ ይቆያሉ።

ሲሪየስሊ ሲምፕል ፖድካስቲንግ ውስጥ በፊድ ዝርዝሮቹ ሴቲንግ ላይ ፊዱን ወደ አዲስ አድራሻ ለማስተላለፍ የተዘጋጀ ቦታ አለ። አዲሱን አድራሻ ታስገባላችሁ፣ ሴቭ ትላላችሁ። እኔ ግን ከቻላችሁ ሪዳይሬክቱን ከፖድካስት ፕለጊኑ ውጭ አድርጉት ነው የምለው፤ ሪዳይሬክሽን በሚባለው ነፃ ፕለጊን፣ ወይም በሰርቨሩ ላይ ባለው፣ የሰርቨሩን ትእዛዞች በያዘው ኤችቲአክሰስ ፋይል። ሪዳይሬክቱ በፖድካስት ፕለጊኑ ውስጥ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው “ይሄን ፕለጊን እኮ አንጠቀምበትም” ብሎ ሲያጠፋው አብሮ ይጠፋል። ኤችቲአክሰስ ከመንካታችሁ በፊት ግን ቅጂ አስቀምጡ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ዌብሳይቱ በሙሉ አይከፈትም።

ከሪዳይሬክቱ በተጨማሪ “ኒው ፊድ ዩአርኤል” የሚባል የአፕል ታግ፣ ማለትም ፊዱ ውስጥ አዲሱን አድራሻ የሚናገር መስመር፣ አለ። አዲሱ ሆስት ሴቲንግ ውስጥ ቦታ ካለው የአዲሱን ፊድ አድራሻ ጻፉበት። አፕል ሪዳይሬክቱ ቢያንስ 4 ሳምንት እንዲቆይ ይመክራል። የኔ ምክር ከዚያ በጣም ይረዝማል፦ ዌብሳይቱ እስካለ ድረስ አታንሱት። ስልኩን ለወራት ሳይከፍት ቆይቶ የሚመለስ አድማጭ አለ።

መሥራቱን ለማየት በብራውዘሩ ኢንኮግኒቶ መስኮት የድሮውን አድራሻ ክፈቱ። አዲሱ ፊድ መምጣት አለበት። አንዴ ብቻ አትሞክሩ፤ በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ፣ ከፊቱ ሦስት ደብሊው አድርጋችሁና ሳታደርጉ፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ ጨምራችሁና ሳትጨምሩ ሞክሩት። አፑ የሚያውቀው ከእነዚህ አንዱን ነው፤ ያኛው ብቻ ያልተላለፈ እንዳይሆን። ካሹንም እንደገና አጽዱ።

ከዚያ አፕል ፖድካስትስ ኮኔክትን ክፈቱና አድራሻው መቀየሩን እዩ። ካልተቀየረ እዚያው በእጅ ማስገባት ይቻላል። ስፖቲፋይም ሪዳይሬክቱን ይከተላል። ዩቲዩብን በአርኤስኤስ (በዚያው በፊዱ) አገናኝታችሁ ከሆነ ግን ስቱዲዮው ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን ተመልከቱ፤ የድሮ ክፍሎች ሁለት ጊዜ እንዳይወጡም ተከታተሉ።

ዌብሳይቱና ቴሌግራሙ

ፊዱ ሄደ ማለት የድሮ ፋይሎችን የሚጠራ የለም ማለት አይደለም። ዌብሳይቱ ላይ ባሉት ጽሑፎች ውስጥ ያለው ማጫወቻ አሁንም የሚያነበው ከራሳችሁ ሰርቨር ነው። ከአዲሱ ሆስት የየክፍሉን ኢምቤድ ኮድ (ማጫወቻውን ገጹ ላይ የሚያስቀምጠውን ኮድ) እየወሰዳችሁ ተኩት። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ አይጠበቅባችሁም፤ ብዙ ሰው ከሚያዳምጣቸው ጀምሩ።

ቴሌግራም ቻናል ላይ የድምፅ ፋይሉን በቀጥታ ሊንክ ስትለጥፉ የቆያችሁ ደግሞ ያ ሊንክ የሚወስደው ወደ ድሮው ሰርቨር ነው። ፋይሉ ከተሰረዘ ሊንኩ ይሞታል። ፋይሉን ራሱን ቴሌግራም ላይ የሰቀላችሁት ከሆነ ግን ምንም አይነካውም። ቻናሉ ላይ ቢያንስ ፒን የተደረጉትንና ብዙ የተጋሩትን ፖስቶች ኤዲት አድርጉ።

አሁን አንድ አዲስ ክፍል አውጡ፤ አዲሱ ሆስት ላይ ብቻ። በተለያየ አፕ ከተለያየ ስልክ መድረሱን እዩ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛና ዋሽንግተን ያለች እህት ቢያዩላችሁ ጥሩ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ያልመጣበት አፕ ካለ ያ አፕ የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ነው፤ ወደ ሪዳይሬክቱ ተመልሳችሁ ፈትሹ። የዳውንሎዱ ቁጥር ከድሮው ቢለይ አትደንግጡ። ፖድካስት ሆስቶች ሮቦቶችንና የአንድን ሰው ተደጋጋሚ ጥሪ አጣርተው ስለሚቆጥሩ አንዳንዴ ያነሰ ያሳያሉ።

የድሮውን የድምፅ ፋይሎች ለመሰረዝ ጥቂት ወራት ጠብቁ። ከመሰረዛችሁ በፊት የሰርቨሩን ሎግ (ፋይሎቹን ማን እንደጠራ የሚመዘግበውን) ተመልከቱ፤ ፋይሎቹን አሁንም የሚጠራ ካለ ከየት እንደሚመጣ ሎጉ ይነግራችኋል። ዶሜይኑን ግን ዌብሳይቱን ባትጠቀሙበትም በየዓመቱ አድሱት። ዶሜይኑ ካለፈበት ሪዳይሬክቱም አብሮ ያልፋል፤ ስሙን የገዛ ሌላ ሰው ደግሞ የድሮውን ፊድ አድራሻ ወደፈለገበት ሊመራው ይችላል።